ኢኖዌ «ያልተፈተነ» ከሆነ የተፈተነው ማነው?

ቡጢ ወዳድ፦ ትናንት አንድ የስፖርት ፕሮግራም ላይ «ጃፓናዊው ቦክሰኛ ናኦያ ኢኖዌ ሰፈሩ ቁጭ ብሎ ቀበቶ የሰበሰበ፣ ያልተፈተነ ሻምፒዮን ነው» ተባለ። ያልተፈተነ! በ6ኛ ፍልሚያው የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ በ4 ክብደት ያሸነፈ፣ በባንታምም በሱፐር ባንታምም ክብደት የአራቱን የዓለም ድርጅቶች ቀበቶ የጠቀለለ ሰው ነው እኮ። በአራት ቀበቶ ዘመን ሁለት ክብደት የጠቀለለ ወንድ ከሱ በፊት አሜሪካዊው ክራውፎርድ ብቻ ነው፤ እሱም የቀደመው በ5 ወር ነው።

ግራ እግር፦ «ሰፈሩ» የምትለዋን ዘለልካት። ተጋጣሚዎቹን እያቸው፤ በትለር፣ ፉልተን፣ ታፓሌስ፦ ሶስቱም ቶኪዮ፣ ሶስቱም አሪያኬ አዳራሽ። ኔሪ ደግሞ ቶኪዮ ዶም ስታዲየም። ሰውየው ከዮኮሃማ በባቡር ሄዶ ነው ዓለምን የሚያሸንፈው።

ቡጢ ወዳድ፦ ሮድሪጌስን ግላስጎው ላይ በ2 ዙር የዘረረው በባቡር ሄዶ ነው? ሞሎኒና ካርዴናስ ላስ ቬጋስ፣ ፒካሶ ሪያድ። ደግሞስ ታይሰን እ.ኤ.አ. በ1990 በዳግላስ ከተዘረረ ወዲህ ቦክስ ሳይገባበት የኖረውን ቶኪዮ ዶም የሚሞላ ሰው ምን ቆርጦት ነው የሚሰደደው?

ኮርነር፦ በቦታ ስትጣሉ ፈተናውን ረሳችሁት። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2019፣ ጃፓን ሳይታማ፣ ከፊሊፒንሱ ዶኔር ጋር። 2ኛው ዙር ላይ ኢኖዌ ግራ ሁክ (ከጎን ታጥፎ የሚመጣ ቡጢ) አረፈበትና ቀኝ ዓይኑ ላይ ተተረተረ፣ የዓይኑ ጎድጓዳ አጥንትም ተሰነጠቀ። ዶኔር ሁለት ሆኖ ይታየው ስለነበር ቀኝ ጓንቱን ዓይኑ ላይ ጋርዶ ቀሪውን ሄደ። በአንድ ዓይን ርቀት አይለካም፤ ጃብህ (የፊት እጅህ ቀጥታ ቡጢ) የት ላይ እንደሚያልቅ አታውቅም። 9ኛው ላይ ቀኝ ቀመሰና አቅፎ ተረፈ። 11ኛው ላይ ግራውን ጉበቱ ላይ ቀበረለትና ዶኔር ተቀመጠ። እስከዚያ ከነጥብ ዳኞቹ አንዱ ለኢኖዌ 114 ለ113 ብቻ ነው የሰጠው።

ግራ እግር፦ የመሃል ዳኛውስ አልረዳውም?

ኮርነር፦ የረዳውስ ዶኔርን ነው! ኢኖዌ ሊጨርሰው ሲከተል መሃል ገባበት፣ ቆጠራውም ተንዛዛ። ሰዓት ይዘህ እየው።

ሚዛን፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዶኔር፣ ኔሪ 1ኛ ዙር፣ ካርዴናስ 2ኛ ዙር፦ ሶስቱም ግራ ሁክ። አገጩ አይደለም ችግሩ፤ ተንበርክኮ እስከ 8 አስቆጥሮ የሚነሳ ሰው ጭንቅላቱ ሰላም ነው። ገና ርቀቱን ሳይለካ ቀርቦ ይለዋወጣል፣ በዚያች ሰዓት ቀኝ እጁ ከጉንጩ ይወርዳል። በሱፐር ባንታም ጣሪያ 55.34 ኪሎ ላይ ተነስቶ ይጨርሳል። በቀጣዩ ክብደት 57.15 ላይ ግን የሚመታው ሰው ከሱ ይገዝፋል። 48.98 የጀመረ ሰው መሆኑን አትርሱ።

ቡጢ ወዳድ፦ 48.98 እኮ ክብደቱ አልነበረም። የመጀመሪያ ቀበቶውን የወሰደበትን ኸርናንዴስን ሲገጥም ራሱን አድርቆ ገብቶ እግሩ ሪንግ ውስጥ ተኮማተረበት። ለዚህ ነው መሃል ያለውን የፍላይ ክብደት ዘሎ 52.16 የገባው።

ሚዛን፦ ገብቶም የዚያን ክብደት ሻምፒዮን ናርቫኤስን በ2 ዙር አራት ጊዜ ጣለው፤ እሱ ላይ አልከራከርም።

አራዳው፦ ቆይ ጓንቱ ስር እጁ ላይ የሚጠቀለለው ፋሻስ? የፉልተን አሰልጣኝ በ2023 ያነሳውን ሁላችሁም ዋጣችሁት።

ኮርነር፦ ያነሳው ፕላስተር በቀጥታ ቆዳ ላይ ይለጠፋል፣ ፋሻው ከላይ ይመጣል ብሎ ነው። አሜሪካ የለመዱት ፋሻውን አስቀድሞ ነው። የሚያስፈራው ፋሻ፣ ፕላስተር፣ እንደገና ፋሻ እያሉ መደራረብ ነው፤ ሲደርቅና ላብ ሲጠጣ እንደ ጀሶ ይሆናል። ለዚህ ሲባል የተጋጣሚ ወገን ቆሞ ያያል፣ ሲያልቅ ይፈረምበታል። ፉልተን የወደቀው ግን በፋሻ አይደለም። ኢኖዌ ጃቡን ሆዱ ላይ ሲልክ ሲልክ እጁን አወረደለት፣ 8ኛው ዙር ላይ ሆድ አስመስሎ ቀኙን ፊቱ ላይ አወጣው።

አራዳው፦ የናርቫኤስም አሰልጣኞች የኢኖዌን ጓንት አሳዩን ብለው ነበር። ሁለት ጊዜ ጭስ ያለ እሳት?

ቡጢ ወዳድ፦ ታይቶ ምን ተገኘ? እጅ ነው የተገኘው። ያው የኢኖዌ ቀኝ እጅ ናርቫኤስ ጭንቅላት ላይ ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና ገባ፣ ዓመት ሙሉ ተቀመጠ። ብረት የደበቀ ሰው እጁ አይሰበርም አራዳው።

አራዳው፦ ብረት አላልኩም። «ጭስ» ነው ያልኩት።

ቡጢ ወዳድ፦ ጭሱን ለራስህ ያዘው።

ግራ እግር፦ እሺ ፋሻውን ተዉት። ኡዝቤኩ ተፎካካሪ አክማዳሊየቭ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ኢኖዌን ለመግጠም ተራ እየጠበቀ፣ መሃል ላይ ዶሄኒ ወገቡን ይዞ ወጣ፣ ኪም በጉድማን ምትክ በስልክ ተጠራ። ይሄ ነው ፈተናው?

ሚዛን፦ ኪምን እንኳ ተወው፣ ጉድማን ቅንድቡ ስለተሰነጠቀ ነው። ዶሄኒ ላይ ግን እውነት አለህ።

ቡጢ ወዳድ፦ አክማዳሊየቭን ሴፕቴምበር 2025 ገጠመው እኮ! 12 ዙር በእግሩ አዞረው፣ አንዴም ቆሞ አልተለዋወጠም።

ግራ እግር፦ ፈርቶ ነዋ።

ኮርነር፦ ሲለዋወጥ ግዴለሽ፣ ሳይለዋወጥ ፈሪ። ምን ያድርግላችሁ?

ቡጢ ወዳድ፦ ለኢኖዌ 118 ለ110 የሰጡት ሁለት ዳኞች ናቸው።

ግራ እግር፦ የት ላይ ነበር ፍልሚያው?

ቡጢ ወዳድ፦ ናጎያ።

ግራ እግር፦ በባቡር ይደረሳል?