እንግሊዝ በ2013/14 አውስትራሊያ ላይ 5 ለ 0 የተረታችው በአንድ ወርዋሪ ብቻ ነው?

ጥያቄ፦ ፉትስክሬይ_ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሜልበርን የክሪኬት ወሬ ከተነሳ 2013/14 ሳይነሳ አይቀርም። አንድ ነገር ግን አልገባ ብሎኛል። እንግሊዝ በጁላይና ኦገስት 2013 በገዛ ሜዳዋ አውስትራሊያን 3 ለ 0 ረታች። ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ኖቬምበር ላይ አውስትራሊያ ገብታ አምስቱንም ቴስት (እስከ አምስት ቀን የሚቆይ ጨዋታ) ተሸነፈች። ካፒቴኑ ያው አላስታየር ኩክ፣ አሠልጣኙም ያው አንዲ ፍላወር ነበር። የምጠይቀው ሰው ሁሉ «ሚቸል ጆንሰን» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። ለአንድ ፈጣን የአውስትራሊያ ወርዋሪ 37 ዊኬት በአማካይ በ13.97 ራን (ነጥብ) መውሰድ ቀላል ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን አንድ ሰው እንዴት ሙሉ ቡድን ያፈርሳል? ኳሷም ትለያለች ሲባል እሰማለሁ፤ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ኦቨር (ስድስት ውርወራ)፣ ኢኒንግ (የአንድ ቡድን የመምቻ ተራ) እና ዊኬት (የአንድ መቺ መውጣት) ምን እንደሆኑ አውቃለሁ። ከዚያ በላይ ያለውን በቁጥር አስደግፋችሁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ነጥብ_ሰሌዳ

ወንድሜ፣ የጆንሰንን ሥራ ማንም አያሳንስም። እኔ ግን የነጥብ ሰሌዳውን ከሌላ አቅጣጫ እንድታነበው እፈልጋለሁ። ከአምስቱ ጨዋታዎች የአውስትራሊያን የመጀመሪያ ኢኒንግ ብቻ አውጣና አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ሰው ሲወጣ ስንት ላይ እንደነበሩ ተመልከት።

ብሪዝበን ላይ 132 ለ 6 (132 ራን፣ ስድስት ሰው ወጥቶ) ነበሩ፤ 295 ደረሱ። በዚያ ኢኒንግ ስቱዋርት ብሮድ 6 ዊኬት በ81 ራን ወስዷል፤ ማለትም እንግሊዝ ጨዋታውን የጀመረችው እየመራች ነው ማለት ይቻላል። ፐርዝ ላይ ከ143 ለ 5 ተነስተው 385። ሲድኒ ላይ ከ97 ለ 5 ተነስተው 326። ሦስቱም ቦታ በርካታ ቡድኖች ከ200 በታች የሚያልቁበት ሁኔታ ነበር።

በሦስቱም ጨዋታ ያን ጊዜ ሜዳ ላይ የነበረው ብራድ ሃዲን ነው። ዊኬት ጠባቂ (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ የሚይዝ)፣ ሰባተኛ ተሰልፎ የሚመታ፣ የ36 ዓመት ሰው። በአምስቱም የመጀመሪያ ኢኒንግ ከ50 በላይ መትቷል፦ 94፣ 118፣ 55፣ 65፣ 75። ድምሩ በአጠቃላይ 493 ራን ነው። ከእንግሊዝ በኩል ከሁሉም የበለጠው ኬቪን ፒተርሰን 294 ብቻ ነው ያስመዘገበው። የአንዱ ሰባተኛ ቁጥር የሌላውን አራተኛ ቁጥር በ199 ራን ሲበልጥ ጨዋታው የተወሰነበት ቦታ እዚያ ነው እላለሁ።

አደሌድ ላይማ ዕድሉ እንግሊዞች እጅ ገብቶ ነው ያመለጣቸው። ሃዲን ገና 5 ላይ እያለ ማይክል ካርቤሪ ኳሷን ከእጁ ጣላት። 51 ላይ ሲደርስ ቤን ስቶክስ፣ ያኔ የመጀመሪያ ቴስቱን የሚጫወት ወጣት፣ የባቱን ጠርዝ አስነክቶት ዊኬት ጠባቂው ያዘለት። ደስታው ሳይበርድ በቪዲዮ ሲታይ የስቶክስ የፊት እግር መስመሩን አልፎ ተገኘ፤ ኖ ቦል፣ ማለትም ሰው የማያስወጣ ውርወራ። ሃዲን ቀጠለና 118 አደረገ፣ ከካፒቴኑ ማይክል ክላርክ ጋር 200 ራን ጨመሩ፣ አውስትራሊያ 570 ለ 9 ላይ ኢኒንጉን በራሷ ፈቃድ ዘጋች። ኖ ቦልን እንደ መጥፎ ዕድል የሚያዩት አሉ፤ እኔ አልስማማም። በልምምድ ላይ መስመሩን ሳያከብር የሚወረውር ሰው በጨዋታም ይደግመዋል።

አሁን የእንግሊዝን ገልብጠህ እየው። ብሪዝበን ላይ 82 ለ 2 የነበረው በአንድ ጊዜ 91 ለ 8 ሆነ። ስድስት ሰው በዘጠኝ ራን! አሥሩም ኢኒንጎች እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ ወድቀው ነው ያለቁት። ትልቁ 353 ነው፣ 400 አንድም ጊዜ አልደረሱም።

መልስ፦ ግራ_ክንድ

ነጥብ_ሰሌዳ ያለው ልክ ነው። የቀረው ነገር፣ አምስትና ስድስት ሰው አስወጥተው ለምን መጨረስ አቃታቸው የሚለው ነው። እዚህ ላይ ኳሷ ትገባለች።

እንግሊዝ ውስጥ የሚወረወርበት ዱክ የተባለው ኳስ ነው፣ አውስትራሊያ ውስጥ ኩካቡራ የተባለው። ክብደታቸው በሕግ አንድ ነው፣ ከ156 እስከ 163 ግራም። ልዩነቱ ስፌቱ ላይ ነው። ኳሷ ስድስት የስፌት መስመር አላት። በዱክ ስድስቱም በእጅ ይሰፋሉ፣ ስለዚህ ስፌቱ ከፍ ብሎ ብዙ ይቆያል። በኩካቡራ የመሃሉ ሁለት ብቻ በእጅ ተሰፍቶ የቀሩት በማሽን ነው፤ ቶሎ ይተኛል። በደረቅና በጠንካራ የአውስትራሊያ ሜዳ ላይ ከ15 እስከ 20 ኦቨር ካለፈ ኳሷ አየር ላይ መታጠፏን ታቆማለች ማለት ይቻላል። አዲስ ኳስ የሚሰጠው ደግሞ ከ80 ኦቨር በኋላ ነው። በመሃል 60 ኦቨር ያህል ወርዋሪው ያለ ኳሷ እርዳታ ይሠራል።

ያን ክፍተት የሚሞላው ወይ ከ145 ኪሎ ሜትር በላይ የሚወረውር ሰው ነው፣ ወይ ጥሩ ስፒነር (ኳሷን እያሽከረከረ ቀስ ብሎ የሚወረውር)። አውስትራሊያ ሁለቱም ነበሯት፦ ጆንሰን፣ እንዲሁም 19 ዊኬት የወሰደው ናታን ላየን። በዚህ ላይ ራያን ሃሪስ 22፣ ፒተር ሲድል 16 ጨመሩ። እንግሊዝ ዋና መሣሪያዋ ጄምስ አንደርሰን ሲሆን የሱ ኃይል ኳሷን ማጣጠፍ ነው፤ 14 ዊኬት በአማካይ በ43.92 ወሰደ። ፐርዝ ላይ ጆርጅ ቤይሊ በአንድ ኦቨሩ 28 ራን አስቆጠረበት፣ የያኔውን የቴስት ሪከርድ እኩል። ስፒነሩ ግሬም ስዋን በሦስት ጨዋታ 7 ዊኬት በአማካይ በ80 ነው የወሰደው። ስዋን መሃሉን 60 ኦቨር ጸጥ ካላሰኘ ፈጣኖቹ ማረፊያ የላቸውም። ሲደክሙ ደግሞ ሃዲን ላይ ነው የሚደርሱት።

ስለ ጆንሰን፦ ክላርክ የተጠቀመበት መንገድ ከፍጥነቱ እኩል ሊነገር ይገባዋል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዙር ሦስት ወይም አራት ኦቨር ብቻ ያስወረውረውና ያሳርፈዋል። ስለዚህ በየመጣበት ሙሉ ጉልበት አለው። በ150 ኪሎ ሜትር የተወረወረች ኳስ መቺው ጋ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ነው የሚፈጅባት። ክንዱን ዝቅ አድርጎ ከጎን ስለሚያወነጭፋት ደግሞ ከእጁ ስትወጣ ቶሎ አትታይም።

ሕጉ በአንድ ኦቨር ከትከሻ በላይ የሚያልፉ ኳሶችን በሁለት ይወስናል። ጆንሰን ይህን ሕግ ሳይጥስ ነው የጎዳቸው፦ ብዙዎቹ ኳሶች የጎድን አጥንትና የብብት ከፍታ ላይ የሚመጡ ስለሆኑ አይቆጠሩም። አንድ ሰው ከመቺው አጠገብ (ለቀኝ እጅ መቺ በግራው)፣ ሌላው ከኋላው በዚያው ጎን፣ ሦስተኛው ራቅ ብሎ ድንበሩ ላይ ይቆማል። ኳሷን ብትከላከል የቅርቡ ይይዛታል፣ ብትመታት የሩቁ። በዚህ ሁኔታ የመቺው ክብደት ወደ ኋላ እግሩ ይሸሻል፤ ያን ጊዜ ሙሉ ሆና (እግሩ አጠገብ መሬት ነክታ) ዊኬቱን፣ ማለትም ከኋላው የተተከሉትን እንጨቶች፣ የምትመታ ፈጣን ኳስ ትመጣለች። አደሌድ ላይ ብሮድን ተመልከቱት። ከወርዋሪው ጀርባ ካለው ነጭ መጋረጃ ሥር የሚያብለጨልጭ ነገር ዓይኑን ወጋውና እስኪሸፈን ድረስ ጨዋታው ለደቂቃዎች ቆመ። ሲቀጥል የመጀመሪያዋ ኳስ በእግሩ ዙሪያ አልፋ ዊኬቱን መታችው። ጆንሰን በዚያ ኢኒንግ 7 ዊኬት በ40 ራን ወሰደ።

መልስ፦ ጓዝ_ጠባቂ

ሁለታችሁም ሜዳ ላይ ያለውን ነው የነገራችሁን። እኔ ብዙው የተበላሸው ብሪዝበን ከመድረሳቸው በፊት ነው ባይ ነኝ።

አንደኛ፣ የተጫዋች ምርጫው። በ2010/11 እንግሊዝ እዚያው ሄዳ 3 ለ 1 ስታሸንፍ ረጅሙ ክሪስ ትሬምሌት 17 ዊኬት ወስዶ ነበር። ያን ለመድገም ሦስት ረጃጅም ፈጣን ወርዋሪዎች ይዘው ሄዱ፦ ትሬምሌት፣ ስቲቨን ፊንና ቦይድ ራንኪን። ትሬምሌት አንድ ጨዋታ፣ ራንኪንም አንድ፣ ፊን ደግሞ ምንም አልተሰለፈም። ፊን አወራወሩ ከመበላሸቱ የተነሳ ጃንዋሪ ላይ ለመሰለፍ ዝግጁ አይደለም ተብሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። ወርዋሪ የሚመረጠው አሁን በሚወረውረው ፍጥነትና ትክክለኛነት እንጂ በቁመቱና ከሦስት ዓመት በፊት በሠራው አይደለም።

ሁለተኛ፣ ድካም። የ2015 የዓለም ዋንጫ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ላይ ስለነበር ፕሮግራሙ ተቀይሮ ሁለቱ ቡድኖች ከጁላይ 10 ቀን 2013 እስከ ጃንዋሪ 5 ቀን 2014 አሥር ቴስት እርስ በርስ ተጫወቱ። አውስትራሊያ በበጋው 3 ለ 0 ብትሸነፍም ዳረን ሌማን አሠልጣኝነቱን የያዘው ገና ጁን ላይ ስለነበር ቡድኑ እየተገነባ ነበር። በአምስቱም ጨዋታ ያው አሥራ አንድ ሰው ነው የተሰለፈው፤ አንድም ለውጥ የለም። በእንግሊዝ በኩል ጆናታን ትሮት ከብሪዝበን በኋላ ለረጅም ጊዜ በያዘው የጭንቀት ሕመም ምክንያት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ስዋን ፐርዝ ላይ ሽንፈቱ እንደተረጋገጠ ከክሪኬት ጨርሶ ተሰናበተ። ዊኬት ጠባቂው ማት ፕራየር ከቡድኑ ወጣ፣ ሲድኒ ላይ ጆ ሩትም ወጣ። እዚያው ሲድኒ ላይ ሦስት ሰዎች የመጀመሪያ ቴስታቸውን ተጫወቱ፤ ጨዋታው በሦስት ቀን አለቀ።

ስለ ትሮት ሰዎች በቀላሉ «ፈራ» ሲሉ እሰማለሁ። ይህ ነውር ነው። የታመመን ሰው እንዲህ አይባልም።

መልስ፦ ፉትስክሬይ_ማዶ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህን ያህል አልጠበቅሁም። አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ኤምሲጂ (የሜልበርን ክሪኬት ሜዳ) ላይ በአራተኛው ጨዋታ እንግሊዝ በመጀመሪያው ኢኒንግ በ51 ራን ስትመራ ነበር። ድካምና ኳስ ከሆነ ምክንያቱ፣ ያንን እንዴት ተሸነፉት?

መልስ፦ ነጥብ_ሰሌዳ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም ያ ጨዋታ የጆንሰን ብቻ አልነበረም። የመጀመሪያው ቀን 91,092 ተመልካች ነበር። እንግሊዝ 255፣ አውስትራሊያ 204። በሁለተኛው ኢኒንግ እንግሊዝ 65 ያለ ምንም ዊኬት ደረሰች፣ ማለትም በ116 ትመራለች፣ ኩክም 51 መትቷል። ከዚያ 179 ላይ አለቀች፤ የመጨረሻዎቹ አምስት ሰዎች በስድስት ራን ብቻ ወጡ። 5 ዊኬት በ50 ራን የወሰደው ስፒነሩ ላየን ነው። በፈጣን ኳስ የተሸነፈ ቡድን ቀስ ያለውን ኳስ ሲያገኝ እፎይ ብሎ በጉልበት ሊመታ ይቸኩላል፤ የታችኞቹ መቺዎች የወጡት እንዲህ ነው። አውስትራሊያ 231 ሁለት ሰው ብቻ ወጥቶባት አሳደደች፣ ክሪስ ሮጀርስ 116።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃለህ። የአንድ ቀን ጨዋታዎቹን 4 ለ 1፣ ትዌንቲ20ውን 3 ለ 0 ተሸነፉ፤ በአጠቃላይ ከ13 ጨዋታ አንድ። ፍላወር ጃንዋሪ መጨረሻ ለቀቀ፣ ፌብሩዋሪ 4 ቀን ፒተርሰን ከቡድኑ መሰናበቱ ተነገረ። ከሁሉም በላይ ራን ያስቆጠረውን ሰው ማባረር የሰባተኛ ቁጥሩን ችግር አይፈታም ባይ ነኝ፤ ጓዝ_ጠባቂ ምናልባት አይስማማም።

መልስ፦ ጓዝ_ጠባቂ

እስማማለሁ።

ጥያቄ፦ የልጆች_ክለብ

ሰላም፣ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። በሰፈር ክለብ የ14 ዓመት ልጆች አሉን፣ አጭር ኳስ (ራቅ ብላ ነጥራ ወደ ላይ የምትነሳ) ሲመጣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ግራ_ክንድ ያልከውን ለልጅ እንዴት ነው የሚያስተምሩት?

መልስ፦ ግራ_ክንድ

መጀመሪያ የራስ ቁሩን ተመልከቱ። በፊት መከላከያው ሽቦና በግንባሩ ጠርዝ መካከል ያለው ክፍተት ኳስ የማያሳልፍ መሆን አለበት፤ 7928:2013 የሚለውን የእንግሊዝ የጥራት ደረጃ ቁጥር ውስጡ ላይ ፈልጉ። አገጭ ላይ ያለው ማሰሪያ ላልቶ ከሆነ ቁሩ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ክፍተቱ ይሰፋል።

ከዚያ እውነተኛውን ኳስ አስቀምጡት። የቴኒስ ኳስ ውሃ ውስጥ ንከሩና በለስላሳ ሲሚንቶ ላይ ከ14 እስከ 16 ሜትር ርቀት ወርውሩለት፤ እርጥብ ኳስ መሬት ነክታ ትፈጥናለች እንጂ አትጎዳም። ሙሉው ርቀት 20.12 ሜትር ስለሆነ ጊዜው ያጥርበታል። በመጀመሪያዎቹ 20 ኳሶች ባት አይያዝ። ሥራው ኳሷን እስከ መጨረሻው ማየትና ከመስመሯ ራሱን ማውጣት ብቻ ነው። ዓይኑ መጨፈኑን የምታውቁት ፊቱን ወደ ጎን ሲያዞር ነው፤ አገጩ ሁልጊዜ ወደ ወርዋሪው ይሁን።

ባት ሲይዝ ሁለት ነገር ብቻ አስተምሩት። ከትከሻ በላይ ከሆነች እጆቹን ዝቅ አድርጎ ይተዋት፣ ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ዘንበል ይበል። የደረት ከፍታ ከሆነች በጣቶቹ ላይ ቆሞ የታችኛውን እጁን ላላ አድርጎ ከእግሩ ሥር ይጣላት፣ ያኔ ከአጠገቡ ያለው ተጋጣሚ ሊይዛት አይችልም። ሁለቱን ሳይለምድ ወደ መምታት አታሻግሩት። ወርዋሪው ከኳሶቹ መሃል ሳይናገር አንዷን ሙሉ አድርጎ እግሩ ሥር ይወርውርለት። ልጁ ክብደቱን ወደ ኋላ አሽሽቶ ከሆነ እዚያ ላይ ይታወቃል፣ ርቀቱን አንድ ሜትር ጨምራችሁ እንደገና ጀምሩ።