አንድ ቀን ብቻ ላለው ሰው፦ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ

እናቱን ከክፍለ ሀገር አምጥቶ «በአንድ ቀን አዲስ አበባን የት የት ላሳያት?» ብሎ ለጠየቀን ወንድማችን የኔ ጥቆማ ይኸው። ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አታዙራቸው፤ ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቃል። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወጣው አንዱ መንገድ ብቻውን ይበቃችኋል።

ጠዋት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልን ይሳለሙ። የአፄ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን መቃብር እዚያው ውስጥ ነው፤ የንጉሡ ዐፅም እዚህ ያረፈው በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ነው። በግቢው ያሉትን የአርበኞች መቃብሮችም ሳታዩ አትውጡ።

ከዚያ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ፣ ብሔራዊ ሙዚየም። ሁሉም የሚሄደው ለድንቅነሽ ነው። ኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ሐዳር ላይ የተገኘች፣ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት። ለዕይታ የቀረበው ቅጂው ነው፣ ዋናው ዐፅም ተጠብቆ ተቀምጧል፤ ይህን አስቀድመህ ንገራቸው፣ ኋላ ቅር እንዳይላቸው። ከዲኪካ የተገኘችውን ሕፃን ሰላምንም ጠይቁ፣ እሷ ከድንቅነሽም ትቀድማለች። እዚህ ግን አስጎብኚ ያዙ። ያለ አስጎብኚ የሚያስረዳ ሰው የሌለው የአጥንት ክምር ሆኖ ያልፋል።

አንዱን ብቻ ምረጥ ብትለኝ ግን ያለ ማመንታት ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም እልሃለሁ። ሕንፃው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር፣ ማለትም በመፈንቅለ መንግሥት ሙከራው፣ ታግተው የነበሩት ሚኒስትሮችና መኳንንት የተረሸኑት እዚሁ ነው፤ ከዚያ በኋላ ንጉሡ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት። የመኝታ ክፍላቸው ዛሬም ይጎበኛል። እኔን የሚማርከኝ ግን አደራደሩ ነው። ዕቃው በብሔረሰብ ተለይቶ ሳይሆን እንደ ሰው ዕድሜ ከልጅነት ይጀምርና በጋብቻ፣ በእርሻ፣ በእደ ጥበብ አልፎ ለቅሶና መቃብር ላይ ይደርሳል። የኔን እናት ስወስዳት አስጎብኚው ዝም ብሎ እሷን ሲሰማ ነበር፤ እያንዳንዱን ዕቃ በልጅነቷ ማን እንዴት ይሠራበት እንደነበር ስትነግረን ዋለች። እኔም የማላውቀውን ብዙ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ደረጃ መውጣት ስላለበት ጉልበት የሚያማቸው ከሆነ አትቸኩሉ። መታወቂያም ያዙ፣ በር ላይ ፍተሻ አለ።

እንጦጦ ቆንጆ ነው፣ ግን ለሌላ ቀን ይሁን። ከፍታው ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ለአዛውንት ትንፋሽ ያጥራል፣ ጠዋት ደግሞ ጋቢ ያስፈልጋል። ከሄዳችሁ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባትን እንጦጦ ማርያምን አስቀድሙ። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሊታይ የሚገባው ነው፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ልጅ ወይም ወንድም የተገደለባቸው ከሆነ ሳትጠይቃቸው አትውሰዳቸው።

ወደ ማታ ከስድስት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ስትወጡ አደባባዩ ላይ የየካቲት 12 ሐውልት አለ፣ የ1929 ዓ.ም.ን ጭፍጨፋ የሚዘክረው። ከዚያ በፊት ግን ከሙዚየሙ ፊት ለፊት የቆመውን፣ ወደየትም የማያደርሰውን ደረጃ አሳያቸው። ሙሶሊኒ በአገሩ ሥልጣን ላይ ለቆየበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን እያደረገ ጣሊያን የሠራው ነው። ጫፉ ላይ አሁን የይሁዳ አንበሳ ተቀምጧል።