ለትንሽ ቢሮ የሥራ ኢሜይል፦ የቱን እንውሰድ ለምትሉ

ፕሮፎርማ ከሠራተኛ የግል ጂሜይል የሚልክ ቢሮ አሁንም ሞልቷል። ሽያጭ ላይ ያለው ልጅ ሥራ ሲለቅ የደንበኞቹ መልእክት ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ከዋጋው በፊት ይህን እዩ፦ ሰው ሲለቅ ድርጅቱ ኢሜይሉን ዘግቶ ለተተኪው ማስረከብ ይችላል ወይ?

እስከ 5 ሰው ከሆናችሁ ዞሆ ሜይልን እጠቁማለሁ። ነፃው አማራጭ በራሳችሁ ዶሜይን (በኢሜይል አድራሻው ከ@ ቀጥሎ በሚመጣው የድርጅቱ ስም) ይሠራል፤ ለእያንዳንዱ ሰው 5 ጊጋባይት ይሰጣል። ጉድለቱ ከአውትሉክ (ከማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም) ጋር አይገናኝም፤ የሚከፈተው በብራውዘር ወይም በራሱ አፕ ነው። አካውንታንታችሁ «ያለ አውትሉክ ሞቼ እገኛለሁ» ካለ አይሆናችሁም።

ገንዘቡ ካለ ጉግል ወርክስፔስ ይሻላል። ሰው ሁሉ ጂሜይል ስለለመደ ሥልጠና አይፈልግም፤ መነሻ ጥቅሉም በሰው 30 ጊጋባይት አለው። የሚያስቸግረው ክፍያው ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይፈልጋል፤ ካርዱ በባለቤቱ ስም ቢሆንም የአስተዳዳሪው አካውንት ግን የድርጅቱ ይሁን። ማይክሮሶፍት 365 ቀኑን ሙሉ ኤክሴል ላይ ለሚውል ቢሮ ነው።

እዚሁ አገር ውስጥ ከድረ ገጽ ሆስቲንግ ጋር የሚሰጠው ኢሜይል በብር ስለሚከፈል ደስ ይላል። ግን ሰርቨሩን ብዙ ድርጅት ይጋራዋል፤ አንዱ ስፓም ከላከ ጦሱ ለሁሉም ይተርፋል። ከመክፈላችሁ በፊት «ኤስፒኤፍ እና ዲኪም ታስተካክሉልናላችሁ?» በሉ። ሁለቱም ኢሜይሉ በእውነት ከእናንተ ዶሜይን መምጣቱን ተቀባዩ እንዲያረጋግጥ የሚያደርጉ ቅንብሮች ናቸው። ከ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ ጂሜይል ከማንኛውም ላኪ ቢያንስ አንዱን ይጠይቃል። ከሌላችሁ ፕሮፎርማችሁ ስፓም ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ወይም ጭራሽ አይደርስም። ሻጩ ጥያቄው ካልገባው ሌላ ፈልጉ።

የቱንም ብትወስዱ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን በኤስኤምኤስ ሳይሆን በኦተንቲኬተር አፕ (የመግቢያ ኮዱን እዚያው ስልኩ ላይ በሚያወጣ አፕ) አድርጉት። እንደ «ኢንፎ» ያለ የጋራ አድራሻ ካላችሁ አንድ ፓስወርድ ለሦስት ሰው አትስጡ። ወደ አድራሻው የሚመጣውን መልእክት ለሦስቱም የሚያከፋፍል ግሩፕ ክፈቱ፤ ሁሉም ከየራሱ አካውንት ይመልስ፤ ያኔ የቱን መልስ ማን እንደጻፈ ይታወቃል።

አስመጪዎች ደግሞ ይህን ስሙኝ። «የባንክ ሂሳባችን ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል ከመጣ የላኪውን አድራሻ ፊደል በፊደል አንብቡ። «ኤም» (m) በነበረበት «አር» እና «ኤን» (rn) ተጠጋግተው ከተቀመጡ ስልክ ስክሪን ላይ ዓይን አይለያቸውም። አድራሻው ትክክል ቢሆንም እንኳ የአቅራቢው ኢሜይል ራሱ ተጠልፎ ሊሆን ይችላል። ክፍያው ከመለቀቁ በፊት ደውሉ፤ ስልኩን ግን ከኢሜይሉ ግርጌ ሳይሆን ከድሮው ውል ላይ ውሰዱ።