የእልፍ መክሊት ዕዳ፦ ቃል በቃል ወይስ ምሳሌ?

ጥያቄ፦ ጌታ ኢየሱስ በተናገረው ምሳሌ አንድ ባሪያ የንጉሡ የእልፍ መክሊት (መክሊት የጥንት ገንዘብ ነው) ዕዳ አለበት፤ ንጉሡ ይምረዋል፣ እሱ ግን ትንሽ ዕዳ ያለበትን ባልንጀራውን አይምርም። ማቴዎስ 18፥25 ላይ የዚህ ባለ ዕዳ ሚስትና ልጆች ይሸጡ ይላል። እግዚአብሔር ቤተሰብን ይቀጣል ማለት ነው?

መልስ 1፦ አይደለም ወንድሜ። ከቁ. 21 ጀምረህ አንብብ፤ የጴጥሮስ ጥያቄ ስለ ይቅርታ ነው። ፍቺውንም ጌታ ራሱ ቁ. 35 ላይ ሰጥቶታል። ሽያጩ የዘመኑ የዕዳ አሠራር ነው። ለእያንዳንዱ ዝርዝር ምስጢር ሲፈለግለት ነው ትርጓሜው የሚበላሸው።

መልስ 2፦ ልክ ነው፤ የዕዳውን መጠን ግን እንዳለ ያዘው፣ የምሳሌው ጉልበት እዚያ ነው። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ገደማ ነው፤ ዲናር ደግሞ የሠራተኛ የቀን ደመወዝ (ማቴ. 20፥2)። እልፍ 10,000 ነውና ዕዳው የ60 ሚሊዮን ቀን ደመወዝ ይሆናል! ባልንጀራው ያለበት ግን 100 ዲናር፣ የ100 ቀን ደመወዝ ብቻ።

መልስ 3፦ ቁ. 26ንና ቁ. 29ን ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። ባሪያው ንጉሡን፣ ባልንጀራው ደግሞ ባሪያውን የለመኑት ልመና አንድ ነው፣ «ታገሠኝ»።