«መጽሐፍ ቅዱስን የሚቃረን ሁሉ መናፍቅ ነው» ስለተባለው

ዘቅኔ፦ አንድ ሰባኪ «መናፍቅ ማለት መጽሐፍ ቅዱስን የሚቃረን ሁሉ ነው» ሲሉ ሰምቼ አንጀቴ አረረ። ቃሉ የግእዝ ነው፤ ሥሩም መክፈል ነው። ግማሹን «መንፈቅ» የምንለው ከዚሁ ነው። መናፍቅ እምነቱን የከፈለ፣ ልቡ በሁለት ሐሳብ የቆመ ሰው ነው። መጽሐፉን ጨርሶ የማይቀበል ምኑን ይከፍላል? እርሱማ ኢአማኒ ወይም ከሓዲ የሚባል ስም አለው።

የወንጌል ልጅ፦ ሰው ቃልን የሚረዳው ዛሬ በሚነገርበት መንገድ ነው። ዛሬ ከመጽሐፉ ውጪ የሚያስተምር መናፍቅ ይባላል። «የሚቃረን ሁሉ» ማለት ምኑ ላይ ነው ስሕተቱ?

ዘቅኔ፦ «ሁሉ» የምትለዋ ላይ። የእስክንድርያው ቄስ አርዮስ መጽሐፉን አልጣለም፤ «ወልድ ፍጡር ነው» ሲል መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 8ን ይጠቅስ ነበር። በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ ጉባኤ የተሰበሰቡት አባቶች ያወገዙት አተረጓጎሙን ነው። በአንተ ፍቺ ከሄድን «እኔ መቼ ተቃረንሁ?» ብሎ ያመልጣል።

የወንጌል ልጅ፦ አያመልጥም! አጣሞ መተርጎምም መቃረን ነው። እኔን መናፍቅ የሚሉኝ ግን ጥቅስ ስጠይቃቸው ሥርዓት ይጠቅሱልኛል። መለኪያው መጽሐፉ ይሁን የምለው ለዚህ ነው።

ሳሌም፦ የሐዋርያት ሥራ 24፥14ን አንብቡ። ጳውሎስ በሮማዊው ገዥ በፊልክስ ፊት ቆሞ፣ ከሳሾቹ መንገዱን ኑፋቄ፣ ማለትም የመናፍቅ ትምህርት፣ እንደሚሉት ራሱ ይናገራል። ስሙን የሚያወጣው ከሳሽ ነው። በአገራችንም ደቂቀ ኤዎስጣቴዎስ የተባሉት የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታይ መነኮሳት ቅዳሜን እንደ ሰንበት በማክበራቸው ተሰደዱ፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን በደብረ ምጥማቅ በተደረገው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ አቋማቸው ተቀባይነት አገኘ።

ዘቅኔ፦ እህቴ፣ ይህን ከአርዮስ ጋር አታደባልቂው። የቅዳሜ ነገር የሥርዓት ጉዳይ ነው፤ የወልድ አምላክነት የሃይማኖት ጉዳይ ነው።

ሳሌም፦ ያሳደዷቸው ሰዎች እንዲህ ለይተውላቸው ነበር?

ተማሪ፦ ጴጥሮስ በሁለተኛ መልእክቱ 2፥1 ላይ ኑፋቄን «አሹልከው ያገባሉ» ይላል፤ ያውም «በመካከላችሁ» ብሎ። ከውጭ ቆሞ በግልጽ የሚቃወም ሰው ምን ያሾልካል? ዘቅኔ እውነቱን ነው።

የወንጌል ልጅ፦ እናቴ የተቀበሩ ዕለት አንድ ጎረቤታችን «የመናፍቅ ለቅሶ አልደርስም» ብሎ በሩን ዘግቶ ዋለ። እናቴ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ጸሎታቸው «አቤቱ ማረኝ» ነው። ምን አሹልከው አገቡ?

ዘቅኔ፦ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ያ ሰው በድሏል። መናፍቅ ብሎ መፍረድ የጉባኤ ሥልጣን ነው፤ ያውም ተመክሮ አልመለስ ላለ። ነገር ግን በግፍ ስለተነገረ የቃሉ ትርጉም አይለወጥም።

የወንጌል ልጅ፦ ሰባኪውን ለማረም ይህን ያህል ጻፍህ። በየለቅሶው በር ላይ ስሙን የሚለጥፉትንም በዚሁ ድምፅ ገሥጽ፤ ያን ጊዜ ስለ ግእዙ እንነጋገራለን።

ሳሌም፦ ዘቅኔ፣ የእኔ ጥያቄም መልስ አላገኘም።