በጆሮ የጨረስነውን መጽሐፍ መተቸት እንችላለን?

ህዳግ፦ ሰሞኑን አንድ ረጅም ልብ ወለድ በትረካ ሰምቼ ጨረስኩ። እናትና ልጅ የሚለያዩበት ምዕራፍ ላይ አልቅሻለሁ። ያንኑ ምዕራፍ ከታተመው መጽሐፍ ፈልጌ ሳነበው ግን ደረቅ ሆኖ አገኘሁት። ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ የሚናገሩት በአንድ አፍ ነው፤ እናቲቱን ከልጇ የለየችልኝ ተራኪዋ ናት። እሷ ትንፋሿን የያዘችበት ቦታ ላይ በወረቀቱ ነጠላ ሰረዝ እንኳ የለም። ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፦ ትረካ ሰምቶ የጨረሰ ሰው ስለ ታሪኩ የመሰለውን ይናገር፤ «አጻጻፉ ግሩም ነው» ወይም «ቋንቋው ደካማ ነው» ብሎ ለመፍረድ ግን ጽሑፉን ማየት አለበት። ምን ትላላችሁ?

ባለማዳመጫው፦ በፍጹም አልስማማም እህቴ። ይሄ አድማጭን ከአንባቢ ዝቅ የማድረግ አባዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አዋቂዎችን በሦስት ቡድን ከፍሎ፣ የአንድን መጽሐፍ ክፍሎች አንዱ ቡድን እንዲያነብ፣ አንዱ እንዲሰማ፣ ሌላው እያነበበ እንዲሰማ አደረገ። ወዲያውኑም ከሁለት ሳምንት በኋላም ሲፈተኑ፣ በመረዳት በኩል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየባቸውም። እኔ ቁጭ ብዬ የማነብበት ሰዓት የለኝም፤ ያለ ትረካ አብዛኞቹን መጻሕፍት ባልደረስኩባቸው ነበር። የገባኝን ነገር ለምን አልተችም?

ህዳግ፦ ጥናቱ የለካው መረዳትን እንጂ አጻጻፍን መመዘንን አይደለም። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2022 በርካታ ጥናቶችን ሰብስቦ የመረመረ ሥራ ወጥቷል። ጠቅላላ ውጤቱ ካንተ ጋር ይስማማል፤ ነገር ግን አንባቢው በራሱ ፍጥነት ሲያነብና ከመስመሩ ጀርባ ያለውን ሐሳብ እንዲያወጣ ሲጠየቅ፣ ማንበብ ብልጫ አሳይቷል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። አጻጻፍ የሚመዘነው ቆም ብሎ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ነው።

አርታኢው፦ በሙያዬ ረቂቅ ሲመጣልኝ ጮክ ብዬ ነው የማነበው። ዓይን እያለዘበ የሚያልፈውን ዓረፍተ ነገር ጆሮ ይይዘዋል፤ ከልክ በላይ የረዘመው፣ አንድ ቃል የሚደጋግመው፣ ማሰሪያ አንቀጹ የራቀው ሁሉ ሲነበብ ይጋለጣል። ስለዚህ ጆሮ የአጻጻፍ ዳኛ መሆን አይችልም የሚለውን አልቀበልም። ችግሩ በሌላ ሰው ድምፅ መስማቱ ላይ ነው። ጎበዝ ተራኪ የደራሲውን ድግግሞሽ ዜማ አድርጎ ያሳልፈዋል።

ተራኪ፦ ልክ ብለዋል። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። አንባቢ ሁለቱንም ንባብ በአእምሮው ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ እኔ ግን ማይክራፎን ፊት አንዱን መምረጥ ግዴታዬ ነው፤ አድማጩም የሚሰማው የእኔን ምርጫ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው በኋላ ግን ጉዱ ካሳን ያለ እሱ ድምፅ ማሰብ የማይችለው ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። መጽሐፉን ገልጠው ሲያነቡት እንኳ የሚሰሙት እሱን ነው። ይህን እንደ ጉዳት አልቆጥረውም። ተራኪውም ድርሻ እንዳለው ይታወቅ ነው የምለው።

ነጥብ በነጥብ፦ ማየት የተሳነኝ አንባቢ ነኝ። ብሬል አነባለሁ፤ በብሬል የሚገኘው መጽሐፍ ግን ጥቂት ነው። እንግሊዝ ውስጥ የተተረኩ መጻሕፍት አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1935 ሲጀመር፣ ዋና ዓላማው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮች እንዲያነቡ ነበር። የዚህ ነገር መነሻው እኛ ነን። እህት ህዳግ፣ «ጽሑፉን ሳታይ አትፍረድ» ስትዪ እኔን ዕድሜ ልኬን ዝም በል ማለትሽ ነው። ስልኬ የሚያነብልኝ ስሜት በሌለው የኮምፒውተር ድምፅ ነው። አይተነፍስም፣ አያለቅስም፣ ገጸ ባሕርይ አይለይም። በዚያ ድምፅ ያማረ ዓረፍተ ነገር በራሱ ያማረ ነው። ካልገባኝ ወደ ኋላ እመለሳለሁ፤ ሲያስፈልግ ቃል በቃል፣ ፊደል በፊደል አስነብበዋለሁ። ከብዙ ባለ ዓይኖች ይልቅ ወደ ጽሑፉ የቀረብኩት እኔ ነኝ።

ህዳግ፦ ወንድሜ፣ ያልከውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ክርክሩንም ወደ ትክክለኛው ቦታ አመጣኸው። መለያው ዓይንና ጆሮ አይደለም፤ በመካከል እንደ ተዋናይ የሚተርክ ሰው መኖር አለመኖሩና ተመልሶ መመርመር መቻሉ ነው። ግለ ታሪክ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ደራሲው ራሱ የተረከው አንድ ግለ ታሪክ ሰምቻለሁ። ስለ አባቱ ሲናገር ድምፁ ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ የሚለውን ሁሉ አመንኩት። መጽሐፉ ግን አባቱ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር አንድም ቦታ በቅጡ አያሳይም። ጎደሎውን የሞላው የድምፁ መሰበር ነው።

ባለማዳመጫው፦ በወረቀትስ የለም? እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ፣ አንድ አሜሪካዊ ስለ ሱሰኝነቱ የጻፈው ማስታወሻ በ2006 ብዙ ነገሩ የተጋነነና የተፈጠረ መሆኑ ተጋለጠ። እስከዚያ ድረስ ስንቱ ሰው በወረቀት አንብቦ አምኖታል! ወረቀትም ከመታለል አያድንም።

ህዳግ፦ አያድንም። በወረቀት ሲሆን ግን ያሳመነኝ ጽሑፉ ስለሆነ፣ ተመልሼ የምመረምረው ነገር አለኝ።

አርታኢው፦ እንግዲህ አስተያየት ስንጽፍ በምን መንገድ እንደጨረስነው፣ ተራኪው ማን እንደሆነ፣ በምን ፍጥነት እንደሰማነው እንግለጽ። ደራሲው የተራኪውን ምስጋና አይውሰድ፤ በተራኪው ጥፋትም አይወቀስ።

ተራኪ፦ ፍጥነቱን በማንሳትዎ ደስ ብሎኛል። በአንድ ነጥብ አምስት ፍጥነት የሚሰማ ሰው ለአፍታ ያቆምኩባቸውን ቦታዎች ሁሉ ቆርጦ ይጥላቸዋል።

ባለማዳመጫው፦ እኔ የምሰማው በዚያ ፍጥነት ነው። የእንግሊዝኛ ትረካ በደቂቃ 150 ቃል አካባቢ ይሄዳል፤ አዋቂ ሰው በዓይኑ ዝም ብሎ ሲያነብ ግን በአማካይ ወደ 240 ይደርሳል። ትረካውን ሳፈጥነው እንኳ ከዓይን አላልፍም። ዓይን በዚያ ፍጥነት አንብቦ መፍረድ ከቻለ ጆሮዬ ምን አጠፋ?

ተራኪ፦ ስሌቱን አልክድም። ስለ ታሪኩም ስለ ቋንቋውም ጻፍ። በዚያ ፍጥነት ሰምተህ ግን «ተራኪው ይቸኩላል» ብለህ እንዳትጽፍብን አደራ።