ለቱባ ማውዝፒስ ምርጫ እርዳታ እፈልጋለሁ፦ ሪሙን፣ ከፑን ወይስ ሻንኩን ልቀይር?

ባለ ቱባው (ጠያቂ)፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ በአንድ የማርሽ ባንድ ውስጥ ቱባ (ወፍራም ድምፅ ያለውን ትልቅ የናስ መሣሪያ) እጫወታለሁ። መሣሪያዬ ባለ አራት ሮታሪ ቫልቭ (ሲጫኑት ዞሮ የአየሩን መንገድ የሚቀይር) የጀርመን ሥራ ቢ ፍላት ቱባ ነው። ማውዝፒሱ (በከንፈር የሚነፋበት ክፍል) ግን ከሌላ ሰው ያገኘሁት፣ ባክ የሚባለው ሠሪ 24ኤደብሊው ሞዴል ነው። ታችኛው ኤፍ (ወፍራሙ የኤፍ ኖታ) ላይ ድምፁ ዘግይቶ ነው የሚነሳው፣ ሲነሳም የታፈነ ነው። አደባባይ ላይ ስንጫወት ከበሮው ይውጠኛል። አሜሪካ ያለች እህቴ በሚቀጥለው ወር ስለምትመጣ ሪሙ (ከንፈር የሚያርፍበት ጠርዝ)፣ ከፑ (ከሪሙ ሥር ያለው ጎድጓዳ) እና ሻንኩ (ቱባው ውስጥ የሚገባው ጫፍ) ተለያይተው የሚገጣጠሙትን ዓይነት ላስመጣ አስቤያለሁ። ከየትኛው ልጀምር? ለከፍተኛ ድምፅ ብዬ ትልቅ ሪም ልምረጥ?

ናስ ወዳጅ፦
ወንድሜ፣ ከሪሙ በፊት ሻንኩን ተመልከት። ማውዝፒሱን ቀስ ብለህ አስገባና በጣትህ ጎንና ጎኑን ነቅነቅ አድርገው። ይወዛወዛል? ምን ያህልስ ጠልቆ ይገባል?

ባለ ቱባው፦
አዎ ጋሼ፣ ትንሽ ይወዛወዛል። ሻንኩም እስከ ከፑ ሥር ሊገባ ጥቂት ነው የቀረው።

ናስ ወዳጅ፦
እንግዲያው ችግሩ እዚያ ይመስለኛል። የቱባ ሻንክ በዋናነት ሁለት መጠን አለው። የአሜሪካው ጫፉ ላይ 13.2 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የአውሮፓው 13.9 አካባቢ ነው። ባክ በብዛት የሚመጣው በአሜሪካው ነው፤ ብዙዎቹ የጀርመን ቱባዎች ደግሞ የሚቀበሉት የአውሮፓውን ነው። ልዩነቱ 1 ሚሊሜትር አይሞላም ብለህ አትናቀው። ሻንኩ የሚሾለው 1 በ20 ያህል (በየ20 ሚሊሜትሩ 1 ሚሊሜትር እየቀጠነ) ስለሆነ ያቺ 0.7 ሚሊሜትር ማውዝፒሱን 14 ሚሊሜትር ያህል አጥልቃ ታስገባዋለች። የሻንኩ ጫፍና የቱባው ቱቦ የሚገናኙበት ቦታ ሲዛባ የድምፁ አነሳስም አብሮ ይዛባል።

ሳትገዛ መሞከር ትችላለህ። ከተራ የጽሕፈት ወረቀት ቀጭን ቁራጭ ቀደህ ሻንኩ ላይ ጥብቅ አድርገህ ጠቅልል። አንድ ዙር ማውዝፒሱን 4 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውጭ ያወጣዋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ዙር እያደረግህ ያንኑ ታችኛውን ኤፍ በምላስህ ለስለስ አድርገህ አስነሳው። ወረቀቱ አስተማማኝ መፍትሔ አይደለም፤ ለሙከራ ብቻ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
በሻንኩ እስማማለሁ። ስለ ከፑ ልጨምር። የቱባ ከፕ ወይ እንደ ማንቆርቆሪያ እየጠበበ የሚወርድ ነው፣ ወይ ደግሞ ክብ ጎድጓዳ ነው። የመጀመሪያው ኦገስት ሄለበርግ በሚባለው በአሜሪካዊው የማርሽ አቀናባሪ በሱሳ ባንድ የተጫወተ ቱባ ተጫዋች ስም ይታወቃል፤ ኮን የሚባለው ኩባንያ ማውዝፒስ፣ ኮን ሄለበርግ፣ እስካሁን ይሠራል። ድምፁ ሰፊና ጥልቅ ነው፣ አዳራሽ ውስጥ ደስ ይላል። ለማርሽ ግን እኔ ጎድጓዳውን፣ ጥልቀቱ መካከለኛ የሆነውን እመርጣለሁ፤ ምት አነሳሱ ጥርት ይላል፣ ከበሮ መሐል ይሰማል። ጉሮሮውንም፣ ማለትም ከከፑ ሥር ያለውን ጠባብ ቀዳዳ፣ ከመጠን በላይ ሰፊ አታድርገው። ሰፊ ጉሮሮ አየር ይበላል፤ እየተራመዱ ሲነፉት ይከብዳል።

ትልቅ ሪም ከፍተኛ ድምፅ ይሰጣል የሚለውን ተወው። ከንፈርህ ለለመደው ውስጣዊ ስፋት ቅርብ የሆነውን ያዝ። ሪሙ የሚወስነው ምቾትንና የአነሳሱን ጥራት ነው፤ ውስጣዊ ጠርዙ ሾል ያለ ከሆነ አነሳሱ ይጠራል፣ ክብ ከሆነ ለከንፈር ይለሰልሳል።

ጥገና ቤት፦
አንድ ነገር ሳይታይ ገንዘብ አይውጣ። አንደኛውን ቫልቭ ሳትጫነው ስላይዱን (የቫልቩን ተሳቢ ቱቦ) ሳብ አድርገህ ጥቂት ጠብቅና ቫልቩን ተጫን። «ፖ» የሚል ድምፅ ከሰጠህ ቫልቩ አየር ይይዛል። ዝም ካለ ያፈሳል፣ እንደዚህ ያለ ቱባ ላይ ደግሞ የትኛውም ማውዝፒስ ታችኛውን ድምፅ አያነሳልህም። የውሃ መውጫውን ቡሽም እይ፤ የደረቀ ቡሽ ሲያፈስ ድምፅ ያፍናል። መግቢያ ቱቦውን በብሩሽና ለብ ባለ ሳሙና ውሃ እጠብ።

ባለ ቱባው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አራቱም ቫልቮች «ፖ» አሉ። በሦስት ዙር ወረቀት ኤፉ ወዲያው ተነሳ፤ ያለ ወረቀት ስመልሰው እንደገና ዘገየ። ስለዚህ የአውሮፓ ሻንክ ይምጣ። ከፑንም አብሬ ልቀይር?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ከተቻለ በየተራ ቀይር፣ አለዚያ የትኛው እንደረዳህ አታውቅም። እህትህ አንዴ ብቻ ስለምትመጣ ግን ሻንኩንና ጎድጓዳውን ከፕ አብረው ይምጡ፤ ሪሙ ውስጣዊ ስፋቱ አሁን ካለህ ጋር እኩል ይሁን። ሦስቱም ከአንድ ሠሪ ይሁኑ፣ የሚገጣጠሙበት የብሎን ጥርስ ከሠሪ ሠሪ ይለያያል። ሲደርሱህ አንድ የባንዱ ሰው ሜዳው ላይ ራቅ ብሎ ይቁምና ያዳምጥህ፤ ከደወሉ (ከቱባው ሰፊ አፍ) ሥር ሆኖ የሚሰማው ድምፅ ሩቅ ከሚደርሰው ጋር አንድ አይደለም።

ናስ ወዳጅ፦
ወረቀቱን ግን አሁኑኑ አውጣው፣ ሲረጥብ ውስጥ ይጣበቃል።